ከተኳረፉት ደጅ የተለመነ አበባ

የልጅ ልጄ ፎዚያ ከቤሩት ስትመለስ ለኔ ሻሽና ጫማ አመጣች፤ ለራሷ ያመጣችው ግን አንዲት አውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ ናት። ጠርሙሷ ላይ አበባ ተስሎባታል። ጠዋት ጠዋት ከጠርሙሷ ምላሷ ሥር ጠብ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። አንድ ቀን ተቀበልኳትና ከፍቼ አሸተትኩ።

"ይቺ አረቄ ናት!" አልኩ።

"ኧረ እማዬ! አበባ ናት። ለጭንቀት ናት፤ ልብ ታረጋጋለች።"

"አበባ አረቄ ውስጥ ምን ትሠራለች? ሙስሊም ቤት ነው ያለሽው።"

"እንዳይበላሽ ነው እኮ። አንዲት ጠብታ ናት።"

"አንዲት ጠብታ ሐራም ሐላል ናት ያለሽ ማነው?"

ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። እንቅልፍ የላትም፤ ምን እንዳገኛት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጎረጎርኳትም። ግን ጠርሙሷን ስመልስላት ከአረቄው ኋላ አንድ ቀጭን ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ። የቀጋ አበባ ሽታ ነው። እሾሃሙ፣ ነጩ፣ በየድንበሩ የሚበቅለው ቀጋ። ያ ሽታ ስንት ዘመን ወደ ኋላ ይዞኝ እንደሄደ ለፎዚያ ስነግራት "ጻፊው" አለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ብዙም አልገፋሁበት። ቢሆንም እነሆ።

የመሬት አዋጅ ታውጆ፣ ርስት የነበረው ሁሉ ተሸንሽኖ፣ ገበሬው አዲሱን ድንበሩን በእግሩ እየለካ ገና ሳይጠግብ ጦርነት የመጣበት ጊዜ ነበር። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ ተዳፋት ላይ ነው። ከደጃችን ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል፤ ፀሐይም የምትወጣው ከሐይቁ ማዶ ነው። አባቴን ከሌሎች ወንዶች ጋር በጭነት መኪና ሲወስዱት "ወዴት ነው የሚሄደው?" ብዬ ጠየቅኩ። "ምሥራቅ ጦር ግንባር" አሉኝ። ምሥራቅ የፀሐይ መውጫ መሆኑን ያስተማረኝ አባቴ ራሱ ነበር። ስለዚህ ጦርነቱ ከሐይቁ ማዶ ነው ብዬ ያዝኩ።

ከማዶ ጭስ ሲነሳ "መድፍ ተኮሱ" እላለሁ። ጭሱ ሲጠፋ "ምሳ እየበሉ ነው" እላለሁ። ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ሲወጡ ከዳር ቆሜ "አባቴን ሰላም በሉልኝ!" ብዬ እጮህ ነበር። እነሱም እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። እሺ ያሉኝ መሰለኝ።

እናቴ ዘምዘም ደግሞ መኪናው ከሄደ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጣ ሐይቁን ትመለከታለች። አባቴን የምታየው መስሎኝ ቀናሁባት። ረጅም ስለሆነች ከኔ አሻግራ ታያለች ብዬ ድንጋይ ላይ ቆሜ በእሷ ዓይን ትክክል ለማየት ሞከርኩ። ከውኃና ከወፍ በቀር ምንም የለም። ምንም እያየች እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

አላለቀሰችም። ቢሆንም ቃል ከአፏ መውጣት አቆመ። ወጥ ትሠራለች፣ ጨው ትረሳለች። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ባዶ እንስራ ተሸክማ ትመለሳለች። "እማ" ስላት ትዞራለች፤ ከንፈሯ ግን አይላወስም። እናቴ እኮ ዝምተኛ ሴት አልነበረችም! ገበያ ላይ እህል አጉድሎ የሰፈረ ሰው ካየች፣ የራሷ እህል ባይሆንም ቁናውን አስገልብጣ እንደገና የምታሰፍር ሴት ናት። ጎረቤቶች አንዳንዱ ዓይን ነው አለ፣ አንዳንዱ ጂን ነው አለ። ለኔ የመሰለኝ አባቴ ድምፅዋን ለስንቅ ይዞት እንደሄደ ነበር።

ማሳችን ማሽላ ተዘርቶበታል። የዘማች ማሳ በገበሬ ማኅበሩ ጉልበት ይታረሳል፣ ይታረማል፣ ይታጨዳል ተብሎ ስለነበር አርሰው ዘርተውልናል። ለአረም ግን ተራችን ሳይደርስ ቀረ። የሌሎቹ ዘማቾች ሚስቶች ሊቀመንበሩ ደጅ ሄደው እየጮሁ ተራቸውን አስከበሩ፤ የኔ እናት የምትጮህበት አፍ አልነበራትም። አረሙ ከማሽላው እኩል ቆመ።

መስከረም ሲጋመስ አጎቴ ሰይድ መጣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። እናቴ ፊት ቁጢጥ ብሎ ወሬውን ለእሷ ሳይሆን ለመሬቱ የሚያወራ ይመስል አቀርቅሮ ተናገረ።

"እህት ዓለም፣ ማኅበሩ መክሯል። ባልየው ዘምቶ ሚስቲቱ ራሷን የሳተችበት ማሳ ጾም ሊያድር አይገባም ብለዋል። ከአጨዳው በፊት ስብሰባ ይጠራል። መሬቱን ለኔ ሊሰጡኝ ነው፤ እሱ እስኪመለስ። እኔ አልጠየቅኩም፣ ወላሂ። አንቺ ወረኢሉ ወላጆችሽ ጋ ሄደሽ ታርፊያለሽ። ሐዋ እኔ ቤት ትቆያለች።"

ሐዋ እኔ ነኝ። "እኔ ከእማ ጋር ነኝ!" አልኩ።

"ወረኢሉ ሩቅ ነው ልጄ። አያቶችሽም አንድ ሰው ማብላት ከቻሉ ትልቅ ነገር ነው።"

"እማ እንቢ ብትልስ?"

አጎቴ እናቴን አየና ተነፈሰ። "እንቢ ካለችማ ስብሰባ ላይ ቆማ በራሷ አፍ ትበል። ሊቀመንበሩ እንዲያ ነው ያለው። በሰው አፍ አይሆንም።"

እናቴ ሐይቁን ነበር የምታየው።

እኔ በማግስቱ እመት ሩቂያ ዘንድ ሄድኩ። በኛ አገር ዱበርቲ የሚባሉ፣ ለታመመና ለተጨነቀ ዱዓ የሚያደርጉ ባልቴቶች አሉ። እመት ሩቂያ ከነሱ አንዷ ናቸው፤ ዱዓውን ግን ከአበባ ጋር ነው የሚሰጡት። ሰውነት ለታመመ "ሐኪም ቤት ሂድ" ይላሉ። የሳቸው ሥራ ለደነገጠ፣ ለከፋው፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ነው። ከወገባቸው የጎበጡ፣ በእጃቸው አፈር ሳይጠፋ የሚውሉ ሴት ነበሩ። ስደርስ ጓሮ ውስጥ ነበሩ፤ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

"የማን ነሽ?"

"የዘምዘም።"

"ምን ሆነች?"

"አትናገርም።"

"ትበላለች?"

"ጨው የሌለው።"

"ትተኛለች?"

"ዓይኗን አትከድንም።"

"ታለቅሳለች?"

"አታለቅስም።"

አሁን ቀና አሉ። "ይሄ ነው የከፋው" አሉ።

ከዚያ ማስተማር ጀመሩ፤ ልጅ ነሽ ብለው አልናቁኝም። ቀጋ ለደነገጠ ነው፤ ልቡ ከቦታው ለዘለለ። ከአምባሰል አናት የሚመጣው ወይን ጠጁ የጦስኝ አበባ ልቡ እንደ ድንጋይ ለከበደው ነው። ጠንበለል፣ አጥር ላይ የሚሳበው ነጩ፣ ሲመሽ ሽታው የሚበረታው፣ እሱ እንቅልፍ ላጣ ነው። አበባው የሚለቀመው ጤዛው ሳይጠፋ፣ ሳይሸመጠጥ፣ አንድ ባንድ ነው። የምንጭ ውኃ በሸክላ ገበቴ ይቀዳል፤ አበባው ይንሳፈፋል፤ በስስ ሻሽ ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ይውላል። ያ ውኃ ተጠልሎ በፍንጃል ይጠጣል፤ የቀረው ፊት ይታጠቡበታል።

ቀጋም ጠንበለልም ጓሮአቸው ውስጥ ሞልቷል። እጄን ዘረጋሁ። እጄን መቱኝ።

"የኔ አበባ ለናትሽ አይሠራም።"

"ለምን?"

"እኔና እናትሽ ምን አጣላን? አበባው መለመን ያለበት እናትሽ ከተኳረፈችው ሰው ደጅ ነው። ሄደሽ ትለምኛለሽ። ካልሰጡሽ ትመለሻለሽ። ደግሞ ትሄጃለሽ። ሰርቀሽ ካመጣሽው ውኃ ብቻ ነው፣ ሌላ አይደለም።"

"ይሄ ግፍ ነው! የታመመች ሰው ለምን ትለምናለች?"

"የምትለምነው እሷ አይደለችም፤ አንቺ ነሽ። እግር አለሽ። አፍ ደግሞ ከእግርም በላይ አለሽ።"

"ግን ለምንድን ነው ከተጣላነው ሰው?"

"አያቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ለምን እንደሆነ ለኔም የገባኝ ሳረጅ ነው። አንቺም አርጂና ይግባሽ።"

እናቴ የተኳረፈችው ማንን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አገር ያውቀዋል። ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። ማሳችን የሳቸው ባል ርስት ነበር። እናቴ በልጅነቷ እሳቸው ቤት እህል ፈጭታለች፣ የእጇ መዳፍ እስከዚያ ዘመን ድረስ የወፍጮ ድንጋይ ይመስል ነበር። መሬቱ የተሸነሸነ ዕለት እናቴ ሕዝብ ፊት ቆማ ያንን መዳፏን ዘርግታ አሳየቻቸው። ወይዘሮ ደብሪቱም "የኔን እንጀራ የበላ መዳፍ ነው" ብለው ረገሟት። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ወደ ሐይቁ አንዷ ወደ ተራራው ይዞራሉ። ባልየው ሞቱ። እሳቸው በሰፊው ግቢያቸው ጥግ አንዲት ጎጆ ተተወችላቸው፤ በአጥራቸው ላይ ግን ከአካባቢው ሁሉ የበለጠ ጠንበለል ነበር፤ ከጠንበለሉ ሥር ደግሞ ቀጋ።

በሩ ላይ ቆሜ ተጣራሁ። ብቅ አሉ፤ ነጠላቸው ንጹሕ ነው፣ ፊታቸው እንደ ተዘጋ ሳጥን።

"የዘምዘም ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ። አበባ ይስጡኝ።"

"ምን?"

"አበባ። ከአጥሩ ላይ።"

"መሬቱን ወሰዳችሁ፣ በሬውን ወሰዳችሁ። አጥር ላይ የቀረ አበባ እንዳለኝ ደግሞ ማን ነገራችሁ?" ብለው በሩን ዘጉ።

በማግስቱ ተመለስኩ። "ይሰጡኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነው።" "አልሰጥም።" ሄድኩ። ደግሞ ተመለስኩ። ውሻቸውን ፈቱብኝ፤ ውሻው ግን እንደሳቸው ያረጀ ነበርና አሽቶኝ እግሬ ሥር ተኛ። እየሄድኩ እየተመለስኩ ሳለ ወይዘሮ ደብሪቱ ከበሩ ውስጥ ሆነው የሚሰድቡኝን እየጠበቅኩ መሄድ ጀመርኩ። "መጣች ደግሞ ይቺ አንበጣ!" ይላሉ። "ዛሬም አልሞቱም?" እላለሁ እኔ። ዛሬ የኔ የልጅ ልጆች ትልቅ ሰውን እንዲህ ቢመልሱ ጆሮአቸውን እጎትት ነበር። ያኔ ግን ከዚህ ሌላ መሣሪያ አልነበረኝም። ሰርቆ መሄዱ ቀላል ነበር፤ አበባው ከአጥሩ ወዲህ ተንጠልጥሎ ፊቴን ይነካኝ ነበር። አልነካሁትም። ውኃ ብቻ ይዤ ለእናቴ አልሄድም።

የክረምቱ የመጨረሻ ዝናብ የጣለው እኔ እዚያ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው። አልሄድኩም። ሻሼ ከጭንቅላቴ ጋር ተጣበቀ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ በሩ ተከፈተ።

"ግቢ! ጉንፋን ይዞሽ ብትሞቺ ደግሞ ባላባቷ ገደለቻት ይሉኛል።"

ገባሁ። እሳት ዳር አስቀምጠው ጭንቅላቴን በነጠላቸው ጫፍ ሲያሹ እጃቸው እንደ ቃላቸው አልነበረም።

"ለማን ነው አበባው?"

"ለእማ። አትተኛም።"

"አበባ ያስተኛል?"

"እመት ሩቂያ ያስተኛል ይላሉ።"

እሳቱን ቆሰቆሱ። ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ የወንድ ልጅ የትምህርት ቤት ካኒቴራ ተሰቅሎ ነበር፤ ታጥቦ፣ ታጥፎ ሳይሆን ተዘርግቶ፣ ሊለበስ እንደተዘጋጀ። ልጃቸው ደሴ ይማር የነበረ ነው። ከሌሎች ተማሪዎች ጋር አስረው ወስደውት አልተመለሰም። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። ካኒቴራው እርጥብ ነው መሰለኝና "አልደረቀም እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አልደረቀም" አሉ። ከዚያ፣ "እኔም እጠጣለሁ" አሉ። "ከአበባው እሰጥሻለሁ፤ እኔም ከውኃው እጠጣለሁ። አለዚያ አልሰጥም።"

አበባውን እሳቸው ራሳቸው ማለዳ ለቀሙ፣ አንድ ባንድ፣ ቀጋውንም ጠንበለሉንም። በእንቅብ ይዤ ስወርድ ሽታው ጭንቅላቴን አዞረኝ። ጦስኙን እመት ሩቂያ ከአምባሰል ከሚወርድ ሰው አስመጡ፤ "ከዚያ ተራራ ጋር ማንም አልተኳረፈም፣ እሱን እኔ እጨምራለሁ" ብለው።

ወሬው ሲሰማ መንደሩ ተንጫጫ። ውኃ መቅጃው ላይ አንዲት ጎረቤታችን እመት ሩቂያን "ለዘማች ሚስት የተሠራ መድኃኒት ለባላባት ሚስት?" አለቻቸው።

"ባላባትነቷን አዋጁ ወሰደው፤ ደግ አደረገ" አሉ እመት ሩቂያ። "እንቅልፏን የወሰደውስ የትኛው አዋጅ ነው?"

ሴትዮዋ እንስራዋን አነሳች።

እመት ሩቂያ ሌላም ሕግ አወጡ፤ ሁለቱ ሴቶች አብረው፣ እኩል፣ በአንድ ጊዜ እንዲጠጡ። እዚህ ላይ ችግር መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ ክርስቲያን ናቸው፤ ወሩ የጽጌ ጾም ነው፣ ከሰዓት በፊት ምንም አይቀምሱም። እኔ ተቆጣሁ። እናቴ ማለዳ ልትጠጣ ስትችል ለምን የሰው ጾም ትጠብቃለች? ስብሰባው እየቀረበ ነው!

"አብረው ነው ብያለሁ" አሉ እመት ሩቂያ።

"ጾሙ የሳቸው ነው እንጂ የኛ አይደለም!"

"ረመዷን ሲሆን እሷ ትጠብቃችኋለች።"

ትክክል ነገር ሲነገረኝ ዝም ማለት የተማርኩት ያኔ ነው፤ ብዙም አልወደድኩትም።

ስለዚህ በየቀኑ ከቀትር በኋላ አስር ሶላት ሲደርስ ወይዘሮ ደብሪቱ ወደኛ ቤት ይወጣሉ። ከመኳረፉ በፊት እንኳ እናቴ ናት ወደሳቸው ቤት የምትወርደው፤ እሳቸው የኛን ደፍ ረግጠው አያውቁም። መጀመሪያ ቀን የት እንደሚቀመጡ አላወቁም። እኔ መደቡን በእጄ መታ መታ አድርጌ አሳየኋቸው። ውኃውን የምሰፍረው እኔ ነኝ። ፍንጃሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ዓይኔን ከፍንጃሉ አፍ ትክክል አድርጌ፣ አንዱ ካንዱ በጠብታ እንዳይበልጥ እያየሁ እቀዳለሁ። አንድ ቀን ለእናቴ ትንሽ ላስበልጥ አሰብኩ። እጄ እንቢ አለኝ።

አንድ ፍርሃት ግን ነበረብኝ። ኀዘን ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ጨው። ሁለቱ ከአንድ ገበቴ ውኃ ከጠጡ ኀዘናቸው ይቀላቀልና የወይዘሮ ደብሪቱ ለእናቴ፣ የእናቴም ለሳቸው ይደርሳል ብዬ ሰጋሁ። የሳቸው ከኛ ይከብድ እንደሆነ አላውቅም። ከጠጡ በኋላ እናቴን ከእግር እስከ ራስ አያታለሁ፤ ሌላ ሰው ሆና እንደሆነ።

እናቴ ዝም እንዳለች ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ለሁለት ያወሩ ነበር። መጀመሪያ ስለ ጉልበታቸው፣ ቀጥሎ ስለ ውሻቸው። ከዚያ በር ላይ ሆነው ማሳችንን ማየት ጀመሩ፣ መንፈሳቸውም ተነሳሳ።

"ይሄ ማሽላ ነው ወይስ የጅብ ዋሻ? በኔ ጊዜ ይህ ማሳ እንዲህ ነበር? ዘምዘም፣ ያን ሙጃ አታዪውም? አንቺ እኮ የኔን ማሳ ስታርሚ አንዲት ሙጃ አይቀርሽም ነበር። ለኔ ሲሆን ታረመ፤ ለራስሽ ሲሆን?"

እናቴ ዞራ አየቻቸው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ተላወሰ። ጥርሷን ያመማት መሰለኝና ቅርንፉድ ፍለጋ ተነሳሁ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ እናቴ ቤት የለችም። ወጥቼ አየሁ፤ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብላ ሙጃ ትነቅላለች። አፏ አልተከፈተም፤ ግን ያን ቀን ወጡ ጨው ነበረው።

ፎዚያ እዚህ ላይ ስደርስ "አበባው ነው ወይስ ሴትዮዋ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንደዚህ ያለ ክርክር አልወድም። አበባው ባይኖር ሴትዮዋ ደፋችንን አይረግጡም ነበር። ሴትዮዋ ባይመጡ አበባው አጥር ላይ ይረግፍ ነበር። ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ሁለቱም መተኛት ጀምረዋል፤ እናቴ ዓይኗን ከድና ስትተነፍስ ሰምቻለሁ፤ የወይዘሮ ደብሪቱም ዓይን ሥር ያለው ጥቁረት ለቋል።

አፏ ግን አልተፈታም። ኅዳር ገባ። ጠንበለሉ ረገፈ፤ ጠንበለሉ ሲያልቅ እመት ሩቂያ ገበቴያቸውን ደፉ። "ከኔ የሚጠበቀው ይሄው ነው" አሉኝ። አለቀስኩባቸው። "ለመናገር የሚሆን አበባ የለም?" አልኳቸው።

"የለም። ቢኖር ለሊቀመንበሩ የዝምታውን እሰጠው ነበር" አሉ።

የስብሰባው ቀን ሕዝቡ ትልቁ ሾላ ሥር ተቀመጠ፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በአንድ በኩል። ሊቀመንበሩ ቆሞ ነው የሚናገረው። አጎቴ ሰይድ ፊት ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። እናቴ በእመት ሩቂያና በእኔ መካከል ናት። ወይዘሮ ደብሪቱ የማኅበሩ አባል አይደሉም፤ ባላባት የነበረ አይገባም ተብሏል። ከሾላው ጥላ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር።

የኛ ጉዳይ ተነሳ። ሊቀመንበሩ ማሳው በአረም መዋጡን፣ ባለቤቲቱ መታመሟን አስረዳ። ከዚያ "ባለቤቲቱ እዚህ አለች። የምትለው ካላት ትበል" አለ።

እናቴ ተነሳች። እጄን እንደያዘች ናት። ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል። ከንፈሯ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ምንም አልወጣም። ልጮህላት ፈለግኩ፤ እመት ሩቂያ ትከሻዬን ያዙ።

"እንግዲህ አይታችኋል" አለ ሊቀመንበሩ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ እንደውም አዘነ። "ወንድምየው ሰይድ..."

"አረሙ ታርሟል!" አለ አንድ ድምፅ ከፀሐዩ በኩል። ወይዘሮ ደብሪቱ ነበሩ። "ሄዳችሁ እዩ፣ ራሷ ናት ያረመችው! ያን ማሳ ከሷ በላይ የሚያውቅ..."

ሾላው ሥር ያለው ሕዝብ እንደ ንብ ተነሳ። "አንቺ ማን ጠራሽ?" "ዝም በይ!" "እዚህ መናገር አትችይም!" "ጊዜሽ አልፏል!" አንዱ ጎረምሳ ጓል አንስቶ ወረወረ፤ ነጠላቸው ላይ ፈረሰ። ወይዘሮ ደብሪቱ አልሸሹም፤ ግን አፋቸው ተዘጋ። ያ የማያርፍ አፍ!

የእናቴ እጅ ከእጄ ወጣ።

"ተዉአት" አለች።

ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ብዙ ጊዜ እንዳልተከፈተ በር። ጫጫታው ሳያቆም ደገመችው፣ አሁን ከፍ አድርጋ።

"ተዉአት! ትናገር! አዋጁ መሬቷን ነው የወሰደ፣ አፏን አልወሰደም። ያን ጓል የወረወርክ ልጅ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ እናትህም እዚህ አለች፤ ና ይቅርታ ጠይቅ።"

ልጁ ተነሳ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ዞረ። "እሺ... ይናገሩ" አለ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን አራገፉ። "እኔ ጨርሻለሁ" አሉ። "የቀረውን ባለቤቷ ትንገራችሁ።"

እናቴም ነገረቻቸው። ብዙ አልተናገረችም። "አዋጁ ሲነበብ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ለሴትም ለወንድም ነው የተባለ። ባሌ የዘመተው እናንተ እንዲዘምት ስለመረጣችሁት ነው። ማሳዬን ለማረም ተራ ነበራችሁ፤ አልመጣችሁም። ተራችሁን ስትዘሉ ማንም ራሱን ሳተ አልተባለም። እኔ ታምሜ ነበር፤ አሁን ቆሜያለሁ። ሰይድ ወንድሜ ነው፣ ለአጨዳ ይምጣልኝ፤ መሬቱ ግን የኔና የባሌ ነው። ልጄም የትም አትሄድ።"

"እጅ አውጡ" አለ ሊቀመንበሩ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው አጎቴ ሰይድ ነበር። ቀጥሎ ሴቶቹ በሙሉ፤ ያች ውኃ መቅጃው ላይ የተናገረችውም ጭምር። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያይተው አወጡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከፀሐዩ ውስጥ አወጡ፤ ማንም አልቆጠራቸውም፣ ማንም ግን አውርዱ አላላቸውም።

እኔ እናቴ የምታቅፈኝ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ነበር። እሷ ከሰው ራስ በላይ አሻግራ ወደ ማሳችን ታይ ነበር። የበሰለው ማሽላ ላይ ወፍ እንደ ደመና አርፏል።

"ሐዋ!" አለች። ስሜን ከአፏ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። "ቆመሽ ምን ታያለሽ? ወፉ ጨረሰው እኮ! ወንጭፉ የት ነው?"

ወንጭፉ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ከሾላው ሥር ድንጋይ በእጄ ሙሉ አፈስኩና እየጮህኩ ወደ ማሳው ወረድኩ፤ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከኔ በላይ እየጮኸች፣ ከኋላዬ።